ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ሪፖርት ማቅረብ የለመድኩበት መንገድ

ሰው ፊት ቆሞ መናገር ለሚያስፈራው ሰው የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አትፍራ!» ምክሩን የሚሰጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መድረክ የማያስፈራቸው ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ ቀጥለው የሚመጡት «ከፊትሽ የተቀመጡት ሁሉ ሕፃናት ናቸው ብለሽ አስቢ» ይላሉ። ሞክሬዋለሁ። ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ምክትሎቻቸውና የሕግ ክፍሉ ኃላፊ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው እያዩኝ ሕፃናት ናቸው ብዬ ራሴን ማሳመን አልተቻለኝም።

የምሠራው ዋና መሥሪያ ቤቱ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ የኢንሹራንስ ኩባንያ፣ በካሳ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬን አውቀዋለሁ። የትኛው የጭነት መኪና የት ተገልብጦ ስንት ብር እንደተከፈለበት ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። መከራዬ የሩብ ዓመት ሪፖርት ነበር። ቀኑ ሲቃረብ እንቅልፍ ይሸሸኛል። በዕለቱ ጠዋት ሆዴ ይገለባበጣል፣ ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል፣ ጣቶቼ ይቀዘቅዛሉ፤ ስሜ ሲጠራ ደግሞ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ የሚመታ ይመስለኛል። ከዚያ የሚወጣው ድምፅ ቀጭን፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ለማልቀስ የተቃረበ ድምፅ ነው።

ስለዚህ እሸሽ ነበር። ሪፖርቱን አዘጋጃለሁ፤ አጠገቤ የሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ያቀርበዋል። እርሱ በሌለ ጊዜ የዓመት ዕረፍቴ ከሪፖርቱ ሳምንት ጋር «ይገጣጠማል»። ክፍለ ሀገር ወጥቶ ጉዳት የደረሰበትን ንብረት የሚያይ ሰው ሲፈለግ ቀድሜ እጄን የማወጣው እኔ ነበርኩ፤ ጅማም ይሁን ወልዲያ ግድ አልነበረኝም። በእያንዳንዱ ሽሽት የሚሰማኝ እፎይታ እጅግ ይጣፍጣል፤ ተንኮሉም እዚያው ላይ ነው። ሰውነት «ሸሸሁ፣ ተረፍኩ፤ እንግዲያውስ አደጋው እውነተኛ ነበር» ብሎ ይማራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማስጠንቀቂያውን አበርትቶ ይደውላል። ፍርሃትን የሚያቆየው መሸሽ ራሱ መሆኑን ኋላ ላይ ሳነብ ዓመታቴ በዓይኔ ላይ ዞሩ። ባልደረባዬ የቡድን መሪ ሆኖ ተሾመ። ሥራው የሁለታችን ቢሆንም አመራሩ የሚያውቀው ፊት የእርሱን ነበር፤ አልተቀየምኩም ብል አታምኑኝም። እርሱ ሲነሣ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት በሙሉ ክብሩ እኔ ላይ ወደቀ።

የመጀመሪያው እንዴት እንደነበረ በዝርዝር አልነግራችሁም። ሦስተኛው ስላይድ ላይ ቃል ጠፋኝ፣ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ከኋላ ወንበር አንዲት ደግ ሴት ጮክ ብላ «አይዞሽ!» አለችኝ። እንደምንም ጨርሼ ወረድኩ። የሚቀጥለው ክፍል ከዚያ በኋላ ያደረግኳቸውን ነገሮች የሚመለከት ነው።

ያረጋጋኝ የመጀመሪያው ነገር ስለ ሰውነት ያነበብኩት ነው። አንጎል አደጋ አለ ብሎ ሲወስን ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል። ደም ከቆዳና ከሆድ ዕቃ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይዞራል፤ ጣት የሚቀዘቅዘውና ሆድ የሚገለባበጠው ለዚህ ነው። የምግብ መፍጨት ሥራ ለጊዜው ስለሚገታ ምራቅ ይቀንሳል፤ አፍ ይደርቃል። ጡንቻው ለሩጫ ይዘጋጃል፤ እኔ ግን ማይክሮፎን ይዤ ቆሜአለሁ። ያ መውጫ ያጣ ጉልበት ነው እግርን የሚያንቀጠቅጠው። ሁሉንም ምልክት አንድ በአንድ በምክንያቱ ሳውቀው «ምን እየሆንኩ ነው?» የሚለው ሁለተኛው ፍርሃት ቀለለኝ። እኔን ያሠቃየኝ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህ ሁለተኛው ነበር።

ሌላም ነገር አገኘሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 በጀርመን ትሪየር ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሰውን ሳይጎዱ የጭንቀት ሆርሞኑን ከፍ የሚያደርጉበት የላቦራቶሪ ዘዴ ይፋ አደረጉ። ዘዴው ምን መሰላችሁ? ተሳታፊው ለጥቂት ደቂቃ ይዘጋጃል፤ ከዚያ ፈገግ በማይሉና ራሳቸውን በማይነቀንቁ ገምጋሚዎች ፊት ቆሞ 5 ደቂቃ ይናገራል፤ ቀጥሎ ከ1022 ላይ 13 እየቀነሰ ጮክ ብሎ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ላቦራቶሪዎች ይሠራበታል። ጤነኛ ሰው ለማስጨነቅ ሳይንስ የመረጠው መንገድ የእኔ የሩብ ዓመት ስብሰባ ነው ማለት ነው፤ ቁጥሩ ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ ራሴን ደካማ ብዬ መጥራት አቆምኩ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የፍርሃቱን አካሄድ ማወቄ ነው። ማዕበሉ ከፍ የሚለው ልትናገሩ ስትሉና በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ደቂቃዎች ነው። ካልሸሻችሁት እየበረደ ይሄዳል። በአምስተኛው ደቂቃ ላይ የሚሰማችሁ በመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ከተሰማችሁ ጋር አይገናኝም። ይህን ካመንኩ በኋላ ፍርሃትን የማባረር ፕሮጀክቴን ተውኩና ሁለት ደቂቃ የመሻገር ሥራ ጀመርኩ።

ለመሻገር ልምምድ ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ብዙዎቻችን ዝምታን እየተለማመድን ያደግን ነን። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት መድፋት ጨዋነት ነው፤ ዓይን ለዓይን ማየት ድፍረት ነው፤ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ነው። ይህ ሁሉ ሲጠራቀም ቆይቶ አንድ ቀን «ተነሥተሽ አስረጂ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ» ይባላል። ይሁንና ዝምተኛ ሕዝብ ነን የሚለውን አልቀበልም። ነጠላውን አጣፍቶ፣ በትሩን ይዞ፣ በዳኛ ፊት በበላ ልበልሃ የሚሟገተው ገበሬ ስንት የሕግ ምሩቅ የሚያስንቅ ተናጋሪ ነበር። ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር ቴአትር እንኳ በ1927 ዓ.ም. ሲጀመር ቀድሞ የመጣው ንግግር ነው፤ ጣልያን ሊወርር ሲዘጋጅ ሕዝቡን ለመቀስቀስ። ቅኔ ቤቱንም አስቡት። አያቴ የቅኔ ተማሪ ነበሩና ሲያወጉን እንደሰማሁት፣ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በጓደኞቹ መካከል ለመምህሩ ይናገራል፤ የኔታ እዚያው ሰው ሁሉ እየሰማ ያርሙታል፣ ያፈርሱታል፣ ይጠግኑታል። በማግሥቱ እንደገና። ማንም ግን በመጀመሪያው ቀን ስምንት ቤት መወድስ ንገር አይባልም፤ የሚጀመረው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ነው።

እኔም ጉባኤ ቃናዬን ፈለግሁ። ያገኘሁት በ1936 ዓ.ም. በተመሠረተው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በተዘጋጀ የመጽሐፍ ውይይት ላይ ነው። ውይይቱ ሲያበቃ ታዳሚው እንዲጠይቅ ዕድል ይሰጣል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ እጄን አወጣሁ፤ ቆሜ አነበብኩት፤ ተቀመጥኩ። ልቤ እስከ ማምሻው አልተመለሰም፤ ጥያቄው ግን ተመለሰ። ማንም የማያውቀኝ፣ ብሳሳት የማልገመገምበት ቦታ መሆኑ ረድቶኛል። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ውይይቶች ይካሄዱበታል፤ ለጀማሪ እንዲህ ያለ አዳራሽ ከመሥሪያ ቤት ስብሰባ ይሻላል የምለው በሙሉ ልቤ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የእናቴ ሠፈር ዕድር ነው። ጸሐፊው ታመሙና የወሩን ሒሳብ የሚያነብ ሰው ሲጠፋ እናቴ «ልጄ ታነባለች» ብላ አስጻፈችኝ፤ አልጠየቀችኝም። የዕድር ስብሰባ ቀላል መድረክ እንዳይመስላችሁ። ስለ ድንኳን ኪራይና ስለ ወንበር ጥገና የሚነሣው ጥያቄ ከማንኛውም የሥራ አመራር ኮሚቴ የከረረ ነው። ነገር ግን ወረቀት እያዩ ማንበብ ይፈቀዳል፣ ቁጥሩ አጭር ነው፣ ሲያልቅም ሻይ አለ። ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ አነብ ጀመር፤ ቀጥሎ በክፍላችን ሳምንታዊ ስብሰባ የአምስት ደቂቃ ገለጻ፤ ከዚያ አዲስ ሠራተኞችን ስለ ካሳ አሠራር ማስረዳት። እርከኑ የሚያስፈራ ግን የማያሸሽ መሆን አለበት። ጭራሽ የማያስፈራ ከሆነ ምንም አያስተምርም።

ልምምድ ስል ድምፅ አውጥቶ መናገርን ነው። በሐሳብ መለማመድ ለእኔ አልሠራም፤ በሐሳቤ ውስጥ ሁልጊዜ ርቱዕ ነኝ። የመጀመሪያዋ አድማጬ እናቴ ነበረች። ቡና እየቆላች አዳመጠችኝና ሲያልቅ «እናቴ፣ የምትዪው ባይገባኝም፣ እነማንን ነው እንዲህ የምትቆጫቸው?» አለችኝ። በፍርሃት እየቸኮልኩ ስናገር ድምፄ የቁጣ ይመስል እንደነበር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በስልኬ ቀድቼ ሳዳምጠው እውነቷን ነው። ለማዘግየት ያገኘሁት መንገድ በእያንዳንዱ ስላይድ መጨረሻ አፍ ዘግቶ አንድ ሙሉ ትንፋሽ መሳብ ነው። ለተናጋሪው ዘላለም የሚመስለው ዝምታ ለአድማጩ ዕረፍት ነው።

ክበብ መቀላቀል ለሚፈልግ ቶስትማስተርስ የሚባል አለ። ራልፍ ስሜድሊ የተባለ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ አና ከተማ የጀመረው ነው፤ አዲስ አበባም ውስጥ ክበቦች አሉት። የወደድኩት ሥርዓቱን ነው፦ ንግግሩ በደቂቃ ይለካል፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው አለ፣ «እ…» የሚለውን ማንጠልጠያ የሚቆጥር ሰው አለ፣ በመጨረሻም አንድ ሰው ተነሥቶ ምን እንደሠራላችሁና ምን እንዳልሠራ ይናገራል። ሳይዘጋጁ በተሰጠ ርእስ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ የሚናገሩበት ክፍልም አለው፤ እርሱ ይበልጥ ያስፈራል፣ ይበልጥም ይጠቅማል። በእኔ ላይ የተቆጠረው «ማለት ነው» የሚለው ነበር። ከዓረፍተ ነገር ሁሉ በኋላ «ማለት ነው» እንደምል አላውቅም ነበር፤ አሁን ሌሎች ሲሉ እየሰማሁ እሠቃያለሁ። ክበብ ያላገኘ ከሥራ በኋላ ባዶ የሚሆን የስብሰባ ክፍልና ሦስት አራት ባልደረቦች ይበቁታል።

አሁን ወደማይወራው ጉዳይ ልምጣ። በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች የብዙዎቻችን የመድረክ ፍርሃት ግማሹ የእንግሊዝኛ ፍርሃት ነው። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ይዘጋጃል። አቅራቢው በእንግሊዝኛ ይጀምራል። አድማጩ በአማርኛ ያስባል፤ ጥያቄው በአማርኛ ይመጣል፤ አቅራቢው በየትኛው እንደሚመልስ ሲያመነታ የያዘው ሐሳብ ይበተናል። እኔ ቃል የጠፋኝ ዕለት የጠፋኝ ቁጥሩ ወይም ሐሳቡ አልነበረም፤ ጎርፍ ያደረሰውን ጉዳት በእንግሊዝኛ የማስረዳበት ግሥ ነው። በአማርኛ ቢሆን ልጅም ያስረዳዋል። በአዳራሹ ደግሞ አማርኛ የማይሰማ አንድም ሰው አልነበረም!

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት ሲቆሙ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያስቆሟቸው ሞከሩ። ጩኸተኞቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ጠብቀው ንግግራቸውን አደረጉ። ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰው ነበሩ፤ በዚያ መድረክ ላይ የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። እኔ የካሳ ሪፖርት ይዤ ከንጉሠ ነገሥት ጋር አልወዳደርም፤ ቢሆንም አለቃዬን «ስላይዱ በእንግሊዝኛ ይቆይ፣ ገለጻውን በአማርኛ ላድርገው?» ብዬ ለመጠየቅ ድፍረት የሰጠኝ ይህ ታሪክ ነው። አለቃዬ «እኔም ደስ ይለኛል» አሉኝ። እንግሊዝኛ ግዴታ በሚሆንበት ጊዜ፣ የውጭ አጋሮች ሲመጡ ለምሳሌ፣ የማደርገው ሌላ ነው፦ ከባዱን ቃል ትቼ በአጭር ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ፤ የምፈራቸውን ቃላት አስቀድሜ ጮክ ብዬ እላቸዋለሁ፤ ቃል ሲጠፋኝ ቁጥሩን በጣቴ አሳያለሁ።

በቃል ስለማጥናት ሁለት ተቃራኒ ምክር ትሰማላችሁ። ሁሉን በቃላችሁ አጥኑ የሚሉ አሉ፤ ምንም አታጥኑ የሚሉም አሉ። እኔ የማጠናው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮችና የመጨረሻዎቹን ሁለት ነው፤ ማዕበሉ ከፍ ባለበት ሰዓት አፌ ያለ እኔ እርዳታ እንዲሠራ። መካከሉን በነጥብ ብቻ እይዛለሁ፤ ሁሉን ያጠና ሰው አንድ ቃል ሲያመልጠው ቀሪው ሁሉ ተያይዞ ይጠፋዋል። የመክፈቻ ዓረፍተ ነገሬም ቁም ነገር ይዛ እንድትነሣ እፈልጋለሁ። «ዛሬ የማቀርበው የሩብ ዓመቱን የካሳ ክፍል የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ሲሆን…» ብሎ የጀመረ ሰው ራሱም ያንቀላፋል። የቅርቡ መክፈቻዬ ይህን ይመስል ነበር፦ «በዚህ ሩብ ዓመት ደንበኞቻችን ካሳቸውን ዘግይተው የተቀበሉት በእኛ ገንዘብ እጥረት አይደለም። ሁለት ወረቀቶችን ሲጠብቁ ነው፦ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የጋራዥ ፕሮፎርማ።» ዋና ሥራ አስኪያጁ ከስልካቸው ላይ ቀና አሉ። አድማጭ ቀና ሲል ደግሞ ጉልበት ይገኛል።

ከመክፈቻው በፊት የሚመጣውን ሰላምታ አትናቁት። «የተከበራችሁ…» ብሎ ጀምሮ የአንድ የቦርድ አባል ስም ወይም ማዕረግ መዝለል በእኛ አገር ይቅር የማይባል ነው፤ ዶክተሩን አቶ ማለትም እንዲሁ። ስማቸውን በትልልቅ ፊደል ጽፌ እይዛለሁ፤ ከመድረክ መሪው ጋርም አስቀድሜ አመሳክራለሁ። መሪው ሁሉንም በየስማቸው ካነሣ እኔ «ክቡራንና ክቡራት» ብዬ አልፋለሁ።

ስለ ዕለቱ፦ ማኪያቶ የለም። ይህን ስል አዝናለሁ፤ ፒያሳ ያደገ ሰው ይህን ማለት አይወድም። ነገር ግን አድሬናሊን ልብን በሚያስሮጥበት ጠዋት ካፌይን መጨመር ሩጫውን ማባባስ ነው። ቀለል ያለ ቁርስ እበላለሁ። ከሁሉ ቀድሜ ወደ አዳራሹ እገባለሁ፤ የምቆምበት ቦታ ላይ እቆማለሁ፣ በማይክሮፎኑ ሁለት ቃል እናገራለሁ፣ ፕሮጀክተሩ ከኮምፒውተሬ ጋር መስማማቱን አያለሁ። መብራት ሊጠፋ ይችላልና ዋና ዋናዎቹን ስላይዶች አትሜ ለታዳሚው የሚበቃ ቅጂ እይዛለሁ። አንድ ጊዜ በእርግጥም ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሁሉም ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ዞረ፤ እንደዚያ ቀን ተመችቶኝ አያውቅም፤ ስላይድ ሲጠፋ ሰው ሰውን ያዳምጣል።

የሚንቀጠቀጥ እጅ ላለው ሰው፦ ነጠላ ወረቀት አትያዙ፤ የጣትን ትንሽ መንቀጥቀጥ አጉልቶ ያሳያል። ጠንከር ባለ ካርድ ላይ ጻፉት፤ ወይም ወረቀቱን በማኅደር ላይ አድርጉት። ውኃ በብርጭቆ ሳይሆን ክዳን ባለው ጠርሙስ ይሁን። ተራ ስትጠብቁ ከምትስቡት ይልቅ የምታወጡት ትንፋሽ የረዘመ ይሁን፤ ቀስ ብሎ ማስወጣት ልብን ያዘገያል። መንቀጥቀጡ ሁሉ እንደሚታይ ከተሰማችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ሳቪትስኪና ጊሎቪች የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ባሳተሙት ጥናት ተናጋሪዎች የገመቱትን ያህል ጭንቀታቸው በአድማጭ ዘንድ እንደማይታይ አሳይተዋል። ይህን አስቀድመው የተነገራቸው ተናጋሪዎችም የተሻለ ተናገሩ። እኔ በባልደረቦቼ ላይ አረጋግጬዋለሁ፤ ልቤ ሊወጣ ደርሶ የተናገርኩበትን ቀን «ዛሬ ተረጋግተሽ ነበር» አሉኝ። «ተረጋጊ» ብሎ ራስን ማዘዝ ግን አይሠራም፤ የሚሮጥን ልብ ቁም ማለት ከባድ ነው። «ጓጉቻለሁ» ማለት ይቀላል፤ ሲጓጉም ልብ ይሮጣልና። ሞኝነት ቢመስልም ደረጃ እየወጣሁ በሹክሹክታ እለዋለሁ።

የጥያቄ ሰዓት ከሁሉ ከባዱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ለእኔ ተቃራኒው ሆነ፤ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ። «አንድ ጥያቄና ሁለት አስተያየት አለኝ» ብሎ የሚነሣውና ሦስቱንም በአስተያየት የሚጨርሰው ሰው በሁሉም ስብሰባ አለ። ሲናገር ዋና ዋናውን እጽፋለሁ፤ መጻፍ እጄን ሥራ ያስይዘዋል፣ ለማሰብም ጊዜ ይሰጠኛል። የማላውቀውን «ይህን ፋይሉን አይቼ ነገ ጠዋት በጽሑፍ እመልሳለሁ» እላለሁ፤ በማግሥቱም እመልሳለሁ። መሀል ላይ የሚያቋርጥ አለቃ ሲኖር አልሟገትም፤ መልሴን በአንድ ዓረፍተ ነገር እሰጥና «ዝርዝሩ አራተኛው ስላይድ ላይ ይመጣል» ብዬ ወደ መስመሬ እመለሳለሁ። ለዚህ የስላይዶቼን ቁጥር ማወቅ አለብኝ፤ አውቀዋለሁም።

ስለ መድኃኒት ልናገር፤ በየቢሮው በሹክሹክታ የሚዞር ነገር ነውና። ፕሮፕራኖሎል የሚባለው የልብ መድኃኒት የልብ ምትንና የእጅ መንቀጥቀጥን ስለሚቀንስ አንዳንዶች ከመድረክ በፊት ይወስዱታል። አንዲት ባልደረባዬ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጥታኝ ነበር። ሐኪም ሳማክር አስም ስላለብኝ እንዳልነካው አስጠነቀቀኝ፤ የአየር ቧንቧን ሊያጠብብ ይችላል። በጓደኛ እጅ የሚቀበሉት መድኃኒት አይደለም። ፍርሃቱ ከመድረክ አልፎ ሰው ፊት ምሳ መብላትን፣ ስልክ ማንሣትን፣ ከቤት መውጣትን ከከለከላችሁ ደግሞ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ አይበቃም። ይህ ሕክምና ያለው ሕመም ነው፤ አስተሳሰብንና ድርጊትን በደረጃ የሚያሠለጥን የንግግር ሕክምና አለ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሌላ ሆስፒታል ሄዶ መጠየቅ አያሳፍርም።

መድረክ በወረድኩ ምሽት የማደርገው አንድ ልማድ አለኝ። ጭንቅላቴ የተደናቀፍኩበትን አንዱን ቃል ብቻ ይዞ ሌሊቱን ሊያድር ስለሚፈልግ፣ ምን ምን ደኅና እንደሄደ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ቀድሜ እጽፋለሁ። ማን ቀና ብሎ እንዳየኝ፣ የትኛው ጥያቄ በቀጥታ ከነገርኩት ነገር እንደመጣ፣ የት ላይ እንደቸኮልኩ። መቸኮሌንም እጽፋለሁ፤ ለሚቀጥለው ልምምድ የሚጠቅመው እርሱ ነው። የሚቀጥለውን ቀጠሮም ሳልዘገይ እቀበላለሁ። ስድስት ወር ካለፈ ፍርሃቱ እንደ አዲስ ይመጣል።

ይህን የምታነቡ አለቆችና አድማጮች ከሆናችሁ ለእናንተም የምለው አለኝ። ከፊታችሁ የቆመ ሰው ቃል ሲጠፋው ጮክ ብላችሁ «አይዞህ» አትበሉ፤ ከልባችሁ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን አዳራሹን ሁሉ ወደ መንተባተቡ ታዞሩበታላችሁ። ስልካችሁን አስቀምጡ፤ ራሳችሁን ነቅንቁ። ዝም ካለ ቀላል ጥያቄ፣ መልሱን እንደሚያውቀው እርግጠኛ የሆናችሁበትን፣ ጠይቁት። ስብሰባ ስትጠሩም ወጣቱን ሠራተኛ በዋዜማው ማታ «ነገ አንተ ታቀርባለህ» አትበሉት፤ ሳምንት ስጡት፣ አዳራሹንም አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ክፈቱለት።